ያልተጠራው ደጅ

አንድ ጊዜ፣ ጉም ከወንዝ ሳይሆን ከገደል በሚወጣበት አገር፣ በጎሬ ኪራይ የሚተዳደር አንድ ጅብ ነበር። ጎረቤቶቹ አያ ጅቦ ይሉታል። ከራሱ መኖሪያ ሌላ በቀይ አፈሩ ተረተር ላይ የተቆፈሩ ሦስት ጎሬዎች ነበሩት። በአንደኛው ጃርት፣ በሁለተኛው ከርከሮ ከነግልገሎቿ፣ በሦስተኛው ጥንቸል ብቻዋን ትኖራለች። ኪራዩ የሚከፈለው በአጥንት ነበር። በየገበያው ቀን ተከራዮቹ ከየመንገዱ የለቀሙትን አጥንት ደጃፋቸው ላይ ያስቀምጡለታል፤ አያ ጅቦም ዞሮ ይሰበስባል። ሰበሰበ ማለት ግን ይከብዳል፤ ወደ ቤቱ እስኪመለስ አብዛኛውን እየሄደ ቆርጥሞ ይጨርሰው ነበር።

ከተረተሩ ግርጌ ያለውን ገደል ጥልቀት ያየ የለም። በክረምት፣ ይልቁንም በሐምሌ፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ጉሙ ከዚያ እየተንፏቀቀ ይወጣል። ይህ ጉም ድምፅ ያጠናል። በልጅ ጆሮ የእናትን፣ በሚስት ጆሮ የባልን ድምፅ አስመስሎ ከደጅ ይጣራል፤ የመለሰለት እንስሳ በማግስቱ ቤቱ አይገኝም። ስለዚህ የአገሩ አባቶች ሥርዓት ሠሩ። በገደሉ አፋፍ ካለው ዝግባ ላይ የሚኖረው አባ ጉሬዛ፣ ጉሙ ከመውጣቱ በፊት ቤቱን ሁሉ በየስሙ ይጠራል። «የአህያ ቤት!» ሲል ከውስጥ «አለን!» ይባላል። ተጠርቶ የመለሰ ቤት ተኩላ ጠባቂ ይቆምለታል። ባዶ ቤት ግን አይጠራም፣ አይጠበቅም። ከባዶ ቤት ለሚወጣ ድምፅ ደግሞ፣ የማንንም ድምፅ ቢመስል፣ ማንም አይመልስም። ይህን በዚያ አገር የተወለደ ግልገል ሁሉ ጡት ሳይጥል ይማረዋል።

ተኩላዎቹ ሌሊቱን ቆመው ስለሚያድሩ አደን አይወጡም፤ የሚኖሩት በግብር ነው። ጎሬ የሚያከራይም ሆነ ንግድ ያለው ከገቢው ከአሥር አንዱን በሐምሌ ያስገባል፤ ለገዛ መኖሪያው ጥበቃም አንዲት አጥንት ይጨምራል። ሕጉ ጨካኝ አልነበረም። ጎሬውን ለማደስ ያወጣው ወጪ ማስረጃ እስካቀረበ ድረስ አስቀድሞ ይቀነስለታል። ጎሬ የምትጠግነው ጃርት ነበረች፤ ሥራዋን ስትጨርስ አንዲት አጥንት በጥርሷ ፈግፍጋ ለባለቤቱ ትሰጠዋለች። በአገሩ የእርሷን የመሰለ ጥርስ ስለሌለ፣ አባ ጉሬዛ ምልክቷን ሲያይ ሌላ ምስክር አይጠይቅም።

አንድ ረፋድ፣ ሐምሌ ሊጋመስ ሲል፣ ጨው ነጋዴው አህያ ግብሩን ሊከፍል ሲሄድ በአያ ጅቦ ደጅ አለፈ። በአንገቱ በገመድ የተሰኩ አጥንቶች ይንኳኳሉ። አህያ በሰላሙም ቀን ቢሆን ከጅብ ደጅ ራቅ ብሎ መቆም ልማዱ ነውና ከመንገዱ ማዶ ሆኖ፣

«አያ ጅቦ፣ ከፈልክ?» አለው።

«ምኑን?»

«ግብሩን ነዋ!»

አያ ጅቦ እንደ ቆሰለ አጉረመረመ። «ከአሥር አጥንት አንዱን ለተኩላ! እኔ ተኩላ ወልጃለሁ?»

«አልወለድክም። ግን ተኩላው ደጅህ ላይ ባይቆም ኖሮ ይኼኔ ገደሉ ውስጥ ሆነህ እኛን ትጣራ ነበር። ደግሞ እንደምታጋንነው አይደለም። የከርከሮን ጣሪያ አሳድሰህ የለም? የጥንቸልንስ መግቢያ? ያ ሁሉ ወጪ ሲቀነስልህ የምትከፍለው ይህ ነው የሚባል አይሆንም። የጃርትን አጥንቶች ይዘህ ሂድ።»

«የትኞቹን አጥንቶች?»

«ጥርሷ ያረፈባቸውን። እነዚህን የመሰሉትን!» አህያ አንገቱን ነቀነቀ፤ አጥንቶቹም ተንኳኩ። አያ ጅቦ ምራቁን ዋጠ።

«በላኋቸው» አለ ወደ ሌላ ወገን እያየ።

«ማስረጃህን?»

«አጥንት ሰጠችኝ። አጥንት ሌላ ምን ይደረጋል?»

አህያ ተረተሩን የሚያናውጥ ሳቅ ሳቀ። «እኔ ዘንድ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይከርማል፤ ዝንብ እንኳ አይነካውም! በል ግድ የለም፤ ጃርት በሕይወት አለች፣ ራሷ ቀርባ ትመስክርልህ። ዛሬውኑ ይዘሃት ሂድ።»

አያ ጅቦ «እሺ» አለ። እሺታው ግን አህያ ከዓይኑ እስኪሰወር ብቻ የሚቆይ ነበር። መሄድ፣ ጃርትን መለመን፣ በአባ ጉሬዛ ፊት ማስረጃዬን በላሁ ማለት አሳፈረው። ከኀፍረቱ ይልቅ ደግሞ፣ ቢቀነስም ባይቀነስም ከአፉ የምትወጣው አጥንት ታየችው።

ይህን ሲያብሰለስል ቀበሮ ከቁጥቋጦው ጥግ ብቅ አለ። ንግግሩን ሁሉ ሰምቷል።

«አያ ጅቦ፣ ምነው ተከዙ?»

«ግብር ነው፣ ወንድሜ።»

«ታዲያ ይህ ምን ያስተክዛል? ኪራይ የሚገኘው ተከራይ ካለ ነው። ተከራይ ከሌለ ኪራይ የለም፤ ኪራይ ከሌለ ግብር የለም። ጎሬዎቼ ባዶ ናቸው ይበሉ።»

«ከርከሮ ከነልጆቿ ስትንጫጫ ማን ባዶ ነው ይለኛል?»

«አባ ጉሬዛ ከዛፉ ወርዶ ያውቃል? የነገሩትን ነው የሚቀበለው። እርስዎ ብቻ ተከራዮችዎን ጸጥ ያሰኙ። ከሚተርፍልዎ ግማሹን ለእኔ ቢሉኝ ይበቃኛል።»

አያ ጅቦ አሰበ፤ ማሰብ ሁልጊዜ ያስርበው ነበር። በመጨረሻም፣ «የራሴንም ቤት ባዶ ነው ብልስ?» አለ።

ቀበሮ እንኳ ቀና ብሎ አየው። «የራስዎን? የሚኖሩበትን?»

«ለእርሱም አንዲት አጥንት ይጠይቁኛል። አንድም ቢሆን አጥንት አጥንት ነው።»

«እርስዎ ካሉ…» አለ ቀበሮ። ዓይኑ ግን ወደ ገደሉ ነበር።

በዚያው ቀን አያ ጅቦ ከዝግባው ሥር ቆመ። አባ ጉሬዛ ነጭ ጠጉሩ እንደ ነጠላ ተንጠልጥሎ ከላይ ተቀምጧል።

«አባ፣ ጎሬዎቼ ዘንድሮ ባዶ ናቸው» አለ ጅቡ።

«ሦስቱም?»

«አራቱም። የራሴም።»

ዝግባው ውስጥ ቅጠል አልተንቀሳቀሰም። «አንተስ ወዴት ታድራለህ?»

«እ… ዘመድ ዘንድ።»

«አያ ጅቦ፣ ስማኝ» አለ አባ ጉሬዛ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔ የቤት ውስጥ አላይም፤ ያልከኝን እቀበላለሁ። እኔ የምቀበለውን ቃል ግን ገደሉም ይሰማዋል። ባዶ ያልካቸውን ቤቶች ከዛሬ ጀምሮ አልጠራም። ሐምሌ ሳያልቅ መጥተህ ብታርም መቀጫው ቀላል ነው፤ ስማቸውን እመልስላቸዋለሁ። ካለቀ በኋላ ግን ልመልሰው ብልም አልችልም። አሁን ደግመህ ንገረኝ፤ ባዶ ናቸው?»

ከታች፣ ከገደሉ፣ የሆነ ነገር ትንፋሹን ውጦ የሚያዳምጥ መሰለው። ቢሆንም አጥንቷ ታየችውና፣ «ባዶ ናቸው» አለ።

ሲመለስ ተከራዮቹን ሰብስቦ፣ «ዛሬ አባ ጉሬዛ ሳይጠራችሁ ቢያልፍ እንዳትደነግጡ፤ ድምፅ ሳታሰሙ ተኙ» አላቸው።

«ሳይጠራን?» አለች ከርከሮ። «አያ ጅቦ፣ እኔ ልጆች አሉኝ እኮ!»

«ለአንድ ሐምሌ ነው፣ እመት ከርከሮ። ሰማይ አይወድቅም።»

ጥንቸል ከከርከሮ ኋላ ተሸሸገች። የጃርት እሾህ አንድ በአንድ፣ ኮሽታ ሳያሰማ፣ ቆመ።

በመሸ ጊዜ ጥሪው ተጀመረ። አያ ጅቦ ጎሬው ውስጥ ተጋድሞ ያዳምጣል። «የአህያ ቤት!» «አለን!» «የሚዳቋ ቤት!» «አለን!» «የቀበሮ ቤት!» «አለን!» አለ ቀበሮ፣ ከሁሉም ፈጥኖና ጠርቶ። አያ ጅቦ ጆሮውን አቆመ። ቀበሮ ግብሩን ከፍሎ ኖሯል? ይህ ሐሳብ ትንሽ ኮሰኮሰው። ጥሪው ግን ወደ ቀዩ ተረተር ሲደርስ፣ ውኃ ድንጋይ ሲያገኝ እንደሚዞረው፣ አራቱን ደጆች ዞሮ አለፈ። እንቅልፍ ሊወስደው ሲል ከደጁ፣ ከጉሙ ውስጥ፣ አንድ ድምፅ ቀስ ብሎ «አለሁ» አለ። ጥቂት ቆይቶ፣ በመጠኑ ጎርነን አድርጎ፣ «አለሁ» አለ። ደግሞም አስተካክሎ «አለሁ» አለ። የመጨረሻው የራሱ የአያ ጅቦ ድምፅ ነበር።

ቀጥሎ ባለው የገበያ ቀን አያ ጅቦ ኪራይ ሊሰበስብ ወጣ። ፀሐይ ነበረች፤ ይሁን እንጂ በሦስቱ ጎሬዎች አፍ ላይ ጉም እንደ መጋረጃ ተንጠልጥሎ ቀርቷል።

«እመት ከርከሮ!» ብሎ ተጣራ።

«አለሁ፣ አያ ጅቦ» አለ የከርከሮ ድምፅ ከውስጥ። «ኪራይዎ ደጃፉ ላይ ነው።»

«ምነው አትወጪም?»

«ልጆቹ ተኝተዋል፣ አያ ጅቦ።»

አጥንቶቹ ተደርድረዋል። ነጭ ነበሩ፤ አፈር ያልነካቸው፣ ጅማት ያልያዛቸው፤ ቁጥራቸውም ከውሉ ይበልጣል። ከጃርት ደጅ እንዲሁ፣ ከጥንቸል ደጅ እንዲሁ። አያ ጅቦ እዚያው ቆረጠማቸው። ድምፅ አላቸው፣ ክብደት ግን የላቸውም። ሲጨርስ ከመብላቱ በፊት ከነበረው ይልቅ ራበው። «ባዶ ማለት እንዲህ ያበዛል እንዴ!» ብሎ ሳቀና በሚቀጥለው ገበያ ቀን ገና ሳይነጋ ተገኘ።

ሐምሌ እንዲህ ሲያልፍ ሆዱ ከጀርባው እየተጣበቀ ሄደ። በጭቃው ላይ ሲራመድ ዱካው ወፍ የረገጠው ያህል ብቻ ይታያል። ቀበሮ ድርሻውን ሊወስድ የመጣ ዕለት፣ አያ ጅቦ ጥቂት ነጭ አጥንት እያቅማማ ገፋለት። ቀበሮ አሸተተ፤ ጠጉሩ ቆመ፤ ወደ ኋላ ሸሸ።

«ይቅርብኝ፤ ለእርስዎ ይሁን» አለ።

ቀበሮ ድርሻውን ሲተው በዚያ አገር ታይቶ አያውቅም። አያ ጅቦ ግን ሞኝነቱን ታዝቦ ሁሉንም ዋጠው።

በሐምሌ የመጨረሻ ቀን፣ ጠዋት ኪራዩን በልቶ፣ ከቀትር በኋላ ረኃቡ አላስቀምጥ ቢለው በመንደሩ ሲንከራተት በአህያ አጥር አጠገብ አለፈ። ወደ ውስጥ ሲመለከት ከርከሮ ከነግልገሎቿ ሥር ትቆፍራለች። ጥንቸል ጥግ ይዛ ሣር ትበላለች። ጃርት የአህያን የጨው ጎተራ ትጠግናለች።

«እዚህ ምን ትሠራላችሁ?» ብሎ ጮኸ። «ጠዋት ቤታችሁ አልነበራችሁም?»

ከርከሮ ቀና አለች። «እኛ? አባ ጉሬዛ ሳይጠራን ባለፈ ማግስት ነው የወጣነው። ባልተጠራ ቤት ልጅ አላሳድርም። አህያ ባያስጠጋን የት እንገባ ነበር?»

«ታዲያ ዛሬ ጠዋት ኪራይ የከፈልሽኝ?»

ከግልገሎቹ አንዱ በእናቱ ሆድ ሥር ተወሸቀ።

«አያ ጅቦ» አለች ጃርት በቀስታ፣ «ዛሬ ጠዋት የበሉት ምንድን ነው?»

አያ ጅቦ ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ ከአፉ ነጭ ትንፋሽ ወጣ እንጂ ቃል አልወጣም። ወደ እግሩ ተመለከተ። የመጣበት ጭቃ ላይ ምንም ዱካ አልነበረም።

አህያ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ወደ ጅብ ቀረበ። «ስማኝ። ሐምሌ የሚያልቀው ዛሬ ነው፤ ጀምበር ገና አልገባችም። ሩጥና ለአባ ጉሬዛ እውነቱን ንገረው። መቀጫውን እኔ በጨው አበድርሃለሁ። ጃርትም መጥታ ስለ ጥገናው ትመስክርልሃለች፤ እግሯ አይፈጥንምና ጭኛት እከተልሃለሁ። አንተ ብቻ በመንገድ እንዳትቆም። ማንም ቢጠራህ!»

አያ ጅቦ ሮጠ። ወደ ዝግባው የሚወስደው መንገድ በቀዩ ተረተር ላይ ያልፋል። የጥንቸልን ጎሬ አለፈ። የጃርትን ጎሬ አለፈ። ዝግባው ታየው፤ ነጩ የአባ ጉሬዛ ጠጉርም በቅርንጫፎቹ መሐል ታየው። በከርከሮ ጎሬ ሲያልፍ ግን፣ ያ ለስላሳ ድምፅ፣

«አያ ጅቦ» አለው። «ወዴት ነው ጥድፊያው? የዓመቱን ኪራይ አስቀድሜ ልክፈልዎ ብዬ ሰብስቤያለሁ እኮ።»

እግሩ ቆመ። የከርከሮ ድምፅ እንዳልሆነ ያውቃል። ከርከሮን አሁን በዓይኑ አይቷታል። «አልፈልግም!» ሊል አሰበ፤ አንደበቱ ግን፣ «የዓመቱን?» አለ።

«የዓመቱን። ከውስጥ ነው፤ ለእኔ ከበደኝ።»

ጀምበር ገና አንድ ዛፍ ያህል ከፍ ብላለች። አንዲት ብቻ፣ አለ በልቡ፤ ለመንገዱ ጉልበት ትሆነኛለች። መጋረጃ የመሰለውን ጉም ገፍቶ ገባ። ውስጡ ሰፊ ነበር፤ እርሱ ካስቆፈረው እጅግ የሰፋ። አጥንቱ ከወለል እስከ ጣሪያ ተከምሯል። አንዲት በላ። ራበው። ሌላ በላ። ይበልጥ ራበው። ክምሩ አልጎደለም፣ ሆዱ አልሞላም፤ ጊዜው ብቻ አለፈ።

ሲወጣ ጀምበር የለችም። አህያና ጃርት ከዝግባው ሥር ቆመው ቆይተው፣ አንገታቸውን ደፍተው በሩቁ ሲመለሱ አያቸው። ሊጠራቸው ሲል ጥሪው ከላይ ተጀመረ። ወደ ገዛ ጎሬው ሮጦ ከደጁ ቆመ፤ ምናልባት ያዝንልኝ ይሆናል ብሎ።

«የሚዳቋ ቤት!»

«አለን!»

«የቀበሮ ቤት!»

«አለን!»

«የአህያ ቤት!»

«አለን!» አሉ ብዙ ሆነው፣ የከርከሮ ግልገሎችም ቀጭን ድምፅ ተሰማ።

ከዚያ ዝም ሆነ። ረጅም ዝምታ ነበር፤ ከላይ ያለው ጠሪ አንድ ስም በአፉ ይዞ የሚታገል ይመስል ነበር። ስሙ ግን አልወጣም። ቅርንጫፉ ተንቀሳቀሰ፤ አባ ጉሬዛ ወደ ማደሪያው ገባ።

«አለሁ!» ብሎ ጮኸ አያ ጅቦ። «አባ ጉሬዛ፣ እኔ ነኝ! አለሁ!»

መልስ የለም። ወደ ቀበሮ ጎሬ ሮጠ፤ ከውስጥ ድንጋይ ወደ በሩ ሲጎተት ሰማ። ወደ አህያ ግቢ ሮጠ። ከደጁ የቆመው ተኩላ ወደ እርሱ ተመለከተ፤ ዓይኑ ግን በእርሱ ውስጥ አልፎ ማዶ ያለውን ዛፍ ያያል።

«አህያ! ወንድሜ! መቀጫውን ልክፈል፣ እጥፉን ልክፈል!»

ከአጥሩ ውስጥ ትንሽ ድምፅ፣ «እማዬ፣ አያ ጅቦ ነው እኮ!» አለ።

«ዝም በል፣ ልጄ» አለች ከርከሮ።

«እየተጣራ ነው!»

አህያ ከጨለማው ውስጥ ረጅም ተነፈሰ። «ድምፁስ የእርሱ ነው» አለ፣ ለራሱ የሚናገር ያህል። «ግን ያ ቤት ባዶ ነው ተብሏል። እንዲህ ያለውም ራሱ ነው።» ከዚያ በኋላ በግቢው ውስጥ የተናገረ የለም።

ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ እስከ አያ ጅቦ ጉልበት ደረሰ። አልቀዘቀዘውም። ብዙ ድምፆች ከዚያ ውስጥ አብረው፣ ሳይቸኩሉ፣ በእርሱው ጎርናና አንደበት «አለሁ» አሉ፤ እርሱም ከእነርሱ ጋር «አለሁ» አለ። ከዚያ ወዲያ የትኛው ድምፅ የእርሱ እንደ ሆነ ራሱም መለየት አልቻለም።

እስከ ዛሬ በዚያ አገር ሐምሌ ሲመሽ፣ ጥሪው አልቆ ደጆች ሁሉ ከተዘጉ በኋላ፣ ከቀዩ ተረተር «ልከፍል መጥቻለሁ! አለሁ!» የሚል ይሰማል። ግልገሎች ወደ እናቶቻቸው ይጠጋሉ፤ ተኩላዎቹ ጆሯቸውን ያቆማሉ፤ የሚመልስ ግን የለም።

ከዚህ የምንማረው፣ ግብርን ለመሸሽ ያለውን የለኝም የሚል እንስሳ ሕግ የሚፈቅድለትን ቅናሽ ብቻ ሳይሆን በክፉ ቀን «አለሁ» ሲል የሚያምነውን ጎረቤትም እንደሚያጣ ነው።